ስለ ልብ ምትና ሩጫ፦ እባካችሁ ያንን ቀመር ተዉት

አዲስ አበባ ውስጥ ለጤናቸው የሚሮጡና ለታላቁ ሩጫ የሚዘጋጁ ሰዎችን አሰለጥናለሁ። አሁን አሁን አዲስ የሚመጣ ሁሉ ስማርት ሰዓት አስሮ ነው የሚመጣው። ከሰዓቱ ጋር ግን አንድ የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይመጣል። በዚህ ቁጥር የተነሳ ሩጫ ያስጠላው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ዛሬ ስለሱና ከሰልጣኞቼ ስለምሰማቸው ሌሎች አባባሎች ልናገር።

«ከ220 ላይ ዕድሜህን ቀንስ፣ የልብህ ጣሪያ ያ ነው።»

አይደለም! ጣሪያ ማለት ልባችሁ በደቂቃ ሊመታ የሚችለው ከፍተኛው ቁጥር ነው። ይሄ ቀመር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1971 ተመራማሪው ፎክስና ባልደረቦቹ ካወጡት ጽሑፍ ተነስቶ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ጥናት አልነበረም። ከተለያዩ ጥናቶች የተሰበሰቡ ቁጥሮች ላይ በግምት የተሰመረ መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪው ታናካና ባልደረቦቹ የተሻለ አመጡ፤ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 ላይ መቀነስ። በዚህኛው የ60 ዓመት ሰው ጣሪያ ከ160 ወደ 166 ከፍ ይላል። እሱም ቢሆን የብዙ ሰው አማካይ ነው። እኩያሞች መካከል ከአማካዩ 10 ወይም 12 ምት ወደላይም ወደታችም መራቅ የተለመደ ነው፤ ከዚያም በላይ የሚርቅ አለ። ብዙ ሰዓቶች ደግሞ እናንተ ካልቀየራችሁት ዞኖቻችሁን፣ ማለትም ከቀላል እስከ ከባድ ያሉትን የልብ ምት እርከኖች፣ የሚከፋፍሉት በዚሁ በዕድሜ ግምት ነው።

አንዲት የ45 ዓመት ሰልጣኝ አለችኝ። በቀመሩ ጣሪያዋ 175 ነው። ሶምሶማ ላይ ምቷ 142 ሲደርስ ሰዓቷ «ዞን 4»፣ ማለትም ከባድ፣ ብሎ ይጮህባታል፣ እሷም ደንግጣ ትቆማለች። ግን እኮ በዚያ ፍጥነት ስለ ልጇ ትምህርት ቤት ሳታቋርጥ ታወራኛለች! ከባድ ሩጫ ላይ ያለ ሰው እንዲህ አያወራም። ምትን ከደረት ላይ የሚለካ የደረት ቀበቶ አሰርንላትና ዳገት ላይ በሙሉ ጉልበቷ ስትሮጥ 191 አየን። 142 ለእሷ ከጣሪያዋ 74 በመቶ ገደማ ነው። ለወራት ያለ ምክንያት ስትቆም ነበር ማለት ነው።

ተቃራኒውም አለ። የ30 ዓመት ወጣት፣ በቀመሩ 190፣ በተግባር ግን 176። «ቀላል» ብሎ የሚሮጠው ሁሉ ለእሱ ቀላል አልነበረም፤ ሁልጊዜ ድካም፣ ሁልጊዜ የባት ሕመም።

ታዲያ የራሳችሁ ጣሪያ እንዴት ይገኛል? ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በደንብ ሰውነታችሁን አሟሙቁ። ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ የሚያስሮጥ ዳገት ፈልጉና ሦስት ጊዜ ውጡት፣ የመጨረሻውን ያላችሁን ሁሉ አውጥታችሁ። ያያችሁት ከፍተኛ ቁጥር ለጣሪያችሁ በጣም ይቀርባል። ደረቱን የሚያመው፣ ራሱን ስቶ የሚያውቅ፣ በቤተሰቡ በልብ ሕመም በድንገት የሞተ ሰው ያለው ወይም ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ግን መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ምትን ዝቅ ስለሚያደርጉ ዞኑ አይሠራላችሁም፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለመቻላችሁን ተከተሉ።

«ሰዓቴ 170 ብሏል፣ ስለዚህ 170 ነው።»

የእጅ ሰዓት በአረንጓዴ ብርሃን ከቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም እያየ ነው የሚገምተው። ላላ ብሎ ከታሰረ ወይም ጠዋት በብርድ እጃችሁ ከቀዘቀዘ፣ የልብ ምት ትቶ የእግራችሁን እርምጃ ሊቆጥር ይችላል። እርምጃችሁም በደቂቃ 170 አካባቢ ከሆነ ጉዱ ይሄ ነው። ከእጅ አንጓ አጥንት ከፍ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጉት። ትክክለኛ ቁጥር የሚፈልግ የደረት ቀበቶ ይግዛ፣ ከማሰሩ በፊትም ደረቱ ላይ የሚያርፈውን ክፍል በውኃ ያርጥበው።

«ቀስ ብሎ መሮጥ ጊዜ ማባከን ነው።»

እንጦጦ በጠዋት ውጡና አትሌቶቹን እዩ። በባሕር ዛፉ መሃል በሰልፍ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ሲሮጡ አንዳንዴ እናንተም የምትደርሱባቸው ይመስላችኋል። ቀላል ቀናቸው እውነትም ቀላል ነው። የእኔ ሰልጣኞች ግን ቀላሉን ቀን ያከብዱና ከባዱ ቀን ሲመጣ ጉልበት ያጣሉ።

«ስብ የሚቃጠለው ዝቅተኛ ዞን ላይ ብቻ ነው።» ድርሻው ከፍ ይላል እንጂ ሌላው ላይም ይቃጠላል። ክብደት ለመቀነስ የሚወስነው ያቃጠላችሁት ጠቅላላ ድምርና የምትበሉት ነው።

«ልምምድ ጣሪያን ከፍ ያደርጋል።» አያደርግም። በእረፍት ጊዜ ያለው ምት ነው የሚወርደው።

«የጓደኛዬ ምት ከእኔ ያነሰ ነው፣ ደካማ ነኝ።» የእሱ ልብ የእሱ ነው፣ ተዉት።

«አጭር ርቀት እየደጋገምኩ በፍጥነት ስሮጥም ምቴን እከተላለሁ።» 200 ሜትሩ ያልቃል፣ ምቱ ገና እየወጣ ነው። እዚያ ላይ ምትን ሳይሆን ፍጥነታችሁን ተከተሉ።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለእረፍት የሚመጡትን ላንሳ። «እዚያ በዚህ ፍጥነት 140 ነበርኩ፣ እዚህ 160 ሆነ፣ ሰዓቴ ተበላሸ» ይሉኛል። ሰዓቱ ደህና ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ስለሚያንስ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል። የመጀመሪያውን ሳምንት የለመዳችሁትን ፍጥነት እርሱት፣ በለመዳችሁት ምት ሩጡ፣ ዳገት ላይ ምታችሁ ከፍ ካለ ተራመዱ። እንጦጦን ለሁለተኛው ሳምንት አቆዩት።