65 ዓመት ሲቃረብ፦ ስለ ሜዲኬር የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ስለ ሜዲኬር፣ ማለትም 65 ዓመት ለሞላቸው መንግሥት ስለሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ የሚሰሙት ከእድር፣ ከቤተ እምነት ግቢና ከሥራ ባልደረባ ነው። ከሚሰማው ውስጥ ዕድሜ ልክ የሚያስከፍል ስህተት አለበት። ከታች ያሉት የክፍያ መጠኖች የ2026 ናቸው።

«ጡረታ ስወጣ እመዘገባለሁ»

በ1960 እና ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው ሙሉ ጡረታ የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ነው፤ የሜዲኬር ጊዜ ግን በ65 ይደርሳል። መመዝገቢያው 7 ወር ነው፦ ከልደትዎ ወር በፊት 3፣ የልደትዎ ወር ራሱ፣ ከዚያ በኋላ 3። ካለፈዎትና ሌላ ተቀባይነት ያለው ሽፋን ከሌለዎት የሚቀጥለው ዕድል ከጥር እስከ መጋቢት (በፈረንጆቹ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ወር) ብቻ ነው። በዘገዩበት በእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር የፓርት ቢ (የሐኪም ሽፋኑ) ክፍያ 10 በመቶ ይጨመርበታል። ሁለት ዓመት የዘገየ ሰው በየወሩ 40 ዶላር ያህል ተጨማሪ ይከፍላል፣ ያውም እስከ መጨረሻው። ካርዱ ራሱ በፖስታ የሚመጣው 65 ከመሙላቱ ቢያንስ ከ4 ወር በፊት የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ መቀበል ለጀመረ ነው።

«ሥራ ላይ ስለሆንኩ አይመለከተኝም»

ይህ የሚሠራው የእርስዎ ወይም የትዳር ጓደኛዎ ቀጣሪ 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉት ነው። ከ20 በታች በሆነ ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ቀዳሚ ከፋዩ ሜዲኬር ስለሆነ፣ ካልተመዘገቡ የሥራ ቦታው ኢንሹራንስ ሊከፍል የሚገባውን ላይከፍል ይችላል። ትልቁ ድርጅት ውስጥ ያለ ሰው ሥራ ሲለቅ 8 ወር ይሰጠዋል፤ ሲኤምኤስ ኤል 564 የሚባለውን ቅጽ ቀጣሪው ይሞላል፣ 40ቢ የሚባለውን የመመዝገቢያ ቅጽ ደግሞ ሠራተኛው ራሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮብራ ላይ ነው፤ ይህም ሥራ ከለቀቁ በኋላ የቀጣሪውን ኢንሹራንስ በራስ ክፍያ ማስቀጠያ ነው። በኮብራ መቆየት 8 ወሩን አያስቆመውም።

«10 ዓመት ስለሠራሁ ነፃ ነው»

በ10 ዓመት ሥራ የሚሞላው 40 ክሬዲት (ግብር ከተከፈለበት ሥራ የሚቆጠር ነጥብ) ነፃ የሚያደርገው የ«ፓርት ኤ»ን፣ ማለትም የሆስፒታል ሽፋኑን፣ ወርሃዊ ክፍያ ብቻ ነው። ሆስፒታል ሲተኙ 1,736 ዶላር አስቀድሞ ከእርስዎ ይወጣል። ለሐኪም የሚሆነው ፓርት ቢ በወር 202.90 ዶላር ነው፤ በዓመት የመጀመሪያውን 283 ከከፈሉ በኋላም 20 በመቶው የእርስዎ ነው፣ ጣሪያም የለውም። ይህን ክፍተት የሚሞላውን ሜዲጋፕ የተባለ ተጨማሪ ኢንሹራንስ የጤና ታሪክ ሳይጠየቁ የሚገዙት ፓርት ቢ በጀመረ በ6 ወር ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በአብዛኞቹ ግዛቶች በሕመምዎ ምክንያት ሊከለክሉዎት ይችላሉ።

ታክሲ ለሚነዱና የራሳቸው ንግድ ላላቸው ደግሞ ክሬዲት የሚቆጠረው ለግብር ከተነገረ ትርፍ ነው። 1,890 ዶላር አንድ ክሬዲት ያስገኛል፣ በዓመት ከ4 አይበልጥም። 15 ዓመት ነድቶ ገቢውን አሳንሶ ያስመዘገበ ሰው 40 ላይሞላለት ይችላል። በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ አካውንት ከፍተው ከ60 ዓመትዎ በፊት ቢያዩት፣ የጎደለውን ለመሙላት ጊዜ ይኖርዎታል።

«እናቴ ግሪን ካርድ ስላላት ታገኛለች»

እዚህ ሠርታ የማታውቅ እናት መጀመሪያ 5 ዓመት ሳታቋርጥ መኖር አለባት። ከዚያም ትገዛዋለች፦ ፓርት ኤ 565፣ ከፓርት ቢ ጋር በወር 767.90 ዶላር። በሐምሌ 2025 በወጣው ሕግ ደግሞ ስደተኞች፣ ጥገኝነት ያገኙና ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ) ያላቸው፣ ቢሠሩም እንኳ፣ ግሪን ካርድ ካላወጡ ብቁ አይደሉም፤ አሁን ሜዲኬር ያላቸውም እስከ ጥር 4 ቀን 2027 ያጣሉ (ወሮቹ የፈረንጅ ናቸው)። ግሪን ካርድ የማመልከት መብት ያለው ሰው ይህን ጉዳይ ሊያሳድረው አይገባም።

«መድኃኒት ስለማልወስድ ፓርት ዲ አያስፈልገኝም»

ተመጣጣኝ የመድኃኒት ሽፋን ሳይኖርዎት 63 ቀን ካለፈ በየወሩ 1 በመቶ ቅጣት ይጠራቀማል።

«አዲስ አበባ ብታመምም ይከፍልልኛል»

አይከፍልም። ጂ እና ኤን የሚባሉት የሜዲጋፕ ዓይነቶች በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ውስጥ ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕመም፣ 250 ዶላር ከከፈሉ በኋላ፣ 80 በመቶውን ይሸፍናሉ፤ የዕድሜ ልክ ጣሪያው 50,000 ዶላር ነው። አገር ቤት ለመኖር ሲመለሱ ፓርት ቢን ማቋረጥ ይቻላል። ሆኖም ከ3 ዓመት በኋላ ለሕክምና ወደ አሜሪካ ቢመለሱ 30 በመቶ ቅጣት ይጠብቅዎታል።