«ሲቪ ሲረዝም ክብደት አለው» እና ሌሎች ሥራ የሚያሳጡ እምነቶች

የቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያሉ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ከዚያ የሚወጣው ሲቪ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የተቀየረው ስምና ስልክ ብቻ። ማመልከቻ የሚያጣራው ሰው ክምሩን የሚያየው ማስታወቂያው ላይ የተጠየቀውን ነገር እየፈለገ ነው። ቶሎ ካላገኘው ወደ ቀጣዩ ያልፋል።

«ሲቪ ሲረዝም ክብደት አለው»

ለአዲስ ተመራቂ አንድ ገጽ ይበቃል፤ አሥር ዓመት የሠራም ቢሆን በሁለት ገጽ ይጨርሳል። የምርምር ሥራ የሚዘረዘርበት የዩኒቨርሲቲ መምህር ሲቪ የተለየ ነው፣ እሱ ይርዘም። የሌሎቻችንን የሚያስረዝመው ልምድ አይደለም። መጀመሪያ ዙሪያው በጌጥ የታጠረ የሽፋን ገጽ አለ። ቀጥሎ የትውልድ ቦታ፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ «የጤና ሁኔታ፦ በጣም ጥሩ» ይመጣል። ከዚያ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ከላይ የሰፈረው እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ»። ሁሉም ቢወጣ የሚጎድል የለም። ራስጌው ላይ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የሚሠራ ስልክ፣ ኢሜይልና የሚኖሩበት ከተማ በቂ ናቸው። ዕድሜ፣ ጾታና ፎቶ ማስታወቂያው ወይም የመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ከጠየቀ ብቻ ይገባሉ።

«ልምድ ስለሌለኝ የምጽፈው የለኝም»

ተመራቂዎች በብዛት የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። የተግባር ልምምድ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ፣ የቤተሰብ ሱቅ ሒሳብ መያዝ ሁሉም ይጻፋሉ፤ የአጻጻፉ ነገር ነው ወሳኙ። አንድ የአካውንቲንግ ተመራቂ «በልምምድ ወቅት በፋይናንስ ክፍል የተለያዩ ሥራዎችን ሠርቻለሁ» ቢል አንባቢው የሚይዘው ነገር የለም። «ለሁለት ወር በቀን ከ30 እስከ 40 ደረሰኝ በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር መዝግቤያለሁ፤ በየሳምንቱ የባንክ ስቴትመንት ከመዝገብ ጋር አመሳክሬያለሁ» ሲል ግን ምን፣ ስንት፣ በምን ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ሰጠ። ቁጥሩ እውነተኛ ይሁን፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ጠያቂው መዞ የሚያወጣው እሱኑ ነው።

«ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ፣ የሥራ ጫና እቋቋማለሁ» የሚለው መስመር ይሰረዝ። ከጎኑ ያለው ሲቪ ላይም ቃል በቃል አለ። አማካይ ነጥብ ከ3.00 በላይ ከሆነ ወይም ማስታወቂያው ከጠየቀ ይጻፋል፤ አለዚያ ትራንስክሪፕቱ ላይ ስላለ ሲቪው ላይ መደገም የለበትም።

«አንድ ጥሩ ሲቪ ለሁሉም ቦታ ይሆናል»

ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ የልብስ ፋብሪካ፣ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴልና ገጠር የሚሠራ ግብረ ሰናይ ድርጅት የሚፈልጉት ሰው አንድ አይደለም። ማስታወቂያውን አትሙትና የትምህርት ደረጃውን፣ የልምድ ዓመቱን፣ ሶፍትዌሩን፣ ቋንቋውንና የሥራ ቦታውን አስምሩበት። የተሰመረበት ሁሉ በሲቪው የመጀመሪያ ገጽ ላይኛው ግማሽ ላይ፣ በራሱ በማስታወቂያው ቃል መታየት አለበት። «ኳሊቲ ኮንትሮል» ካለ «የምርት ምዘና» ብሎ መራቀቅ አያስፈልግም። የሌላችሁን ግን አትጨምሩ፤ ዲግሪም ሆነ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ከሰጪው ተቋም ይጣራል።

ብዙዎች ሲዳምኛ እየቻሉ አይጽፉትም፤ ዋጋ ያለው እንግሊዝኛ ብቻ ይመስላቸዋል። የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ እኮ ነው፤ ከማኅበረሰቡ ጋር የሚሠራ ድርጅትም አጥብቆ ይፈልገዋል። መናገር፣ ማንበብና መጻፍ ለየብቻ ይገለጹ። «እንግሊዝኛ 80 ፐርሰንት» የሚለው ባለቀለም መስመር ማን ለክቶት እንደሆነ አይታወቅም።

«ቀኑ በየትኛውም አቆጣጠር ቢሆን ችግር የለውም»

በ2014 ዓ.ም. ተመርቆ በ2023 እንደ አውሮፓውያን ሥራ የጀመረ ሰው ሁለቱን ዓመተ ምሕረት ሳይለይ ከጻፈ ዘጠኝ ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ይመስላል፤ እውነቱ ግን አንድ ዓመት ገደማ ነው። በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ሲቪ ሁሉም ቀን በአውሮፓውያን ይሁን፣ ወሩም ይጨመርበት። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ያለው የመግቢያና የመልቀቂያ ቀን፣ የሥራ መደቡም ስም ከሲቪው ጋር አንድ መሆን አለበት። መንግሥት መሥሪያ ቤት የምታመለክቱ ከሆነ የግል ድርጅት ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል ከመልቀቃችሁ በፊት አስጽፉ፤ ከለቀቁ በኋላ ተመላልሶ ማስጻፍ ጣጣው ብዙ ነው። ስማችሁ በእንግሊዝኛ ዲግሪው፣ ፋይዳውና ሲቪው ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉንም እዩ።

«ሪፈረንስ ትልቅ ሰው መሆን አለበት»

ልምምድ ላይ የተቆጣጠራችሁ የክፍል ኃላፊ ከማያውቃችሁ ዲን ይሻላል። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አስቀድማችሁ አስፈቅዷቸው። ሳይነገረው የተደወለለት ሰው «ማን ነው እሱ?» ካለ የጻፋችሁት ሁሉ ከንቱ ነው።

«ከተጻፈ በኋላ መላኩ ቀላል ነው»

በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የወርድ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በፒዲኤፍ አስቀምጡት፤ የወርድ ፋይሉንም በፍላሽ ተቀበሉ፣ ለሚቀጥለው ማስታወቂያ ታስተካክሉታላችሁ። የፋይሉ ስም «ሲቪ አዲስ የመጨረሻ 2» ሳይሆን ስማችሁና የሥራ መደቡ ይሁን። በቴሌግራም ከሆነ በፎቶ አትላኩ፤ ቴሌግራም ምስሉን ስለሚጨምቀው የትራንስክሪፕት ቁጥር አይነበብም። በፋይል መልክ ይሄዳል። በኢሜይል ሲሆን ርዕሱ ላይ የሥራ መደቡን ጻፉ፣ ውስጡንም ባዶ አትተዉት፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ማስረጃዎቹን እንደየቅደም ተከተላቸው፣ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ እያላችሁ በአንድ ፒዲኤፍ አድርጓቸው። በአካል ስትሄዱ ኦሪጅናሉን አሳይታችሁ ትመለሳላችሁ እንጂ አትተዉም፤ የሚቀረው ኮፒው ነው።