የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ላይ «1 ዲግሪ» ሲባል ከየት ተለክቶ ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ የ12ኛ ክፍል ልጆች ሳስጠና፣ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ መስታወት ጨረሩን የሚያንጸባርቀው በ1 ዲግሪ ገደማ ሲመጣ ነው ብል አንዷ «ጋሼ፣ ጨረሩ በ1 ዲግሪ ከመጣማ መስታወቱን ቀጥ ብሎ መታው ማለት አይደል?» አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ ክፍል ውስጥ አንግል የሚለካው ከኖርማሉ ነው፣ መስታወቱ ላይ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር ማለት ነው። ኤክስሬይ ላይ ግን «ግሬዚንግ አንግል» የሚሉት ከራሱ ከመስታወቱ ገጽ ነው የሚለካው፣ ስለዚህ የነሱ 1 ዲግሪ በሷ አለካክ 89 ነው፣ ጨረሩ መስታወቱን ታክኮ ነው የሚያልፈው።

በረሳ ወንዝ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወርውራችሁ ታውቁ የለ? ከላይ ከጣላችሁት ይሰምጣል፣ ጎንበስ ብላችሁ በአግድም ከለቀቃችሁት ነጥሮ ነጥሮ ይሄዳል። የፊዚክሱ ምክንያት ሌላ ቢሆንም ኤክስሬይም ቀጥ ብሎ ከመጣ መስታወቱ ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀረው።

ለዛ ነው መስታወቱ እንደ ሳህን ሳይሆን ሁለት ጫፉ ክፍት እንደሆነ በርሜል የሚሰራው። ችግሩ ከፊት ሲታይ ጨረር የሚቀበለው ቀጭን ቀለበት ብቻ ነው፣ ስለዚህ አንዱን አንዱ ውስጥ ይከቱታል፦ በ1999 እንደ ፈረንጆቹ የመጠቀችው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ቻንድራ ኢሪዲየም በሚባል ብረት የተለበጡ 4 ጥንድ መስታወቶች አሏት፣ በዛው ዓመት የመጠቀው ኤክስኤምኤም ኒውተን ደግሞ ሶስቱም ቴሌስኮፖቹ ላይ 58፣ 58 በወርቅ የተለበጡ ስስ መስታወቶች።