አሉታዊ ሐሳብን «መመርመር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙዎች «አሉታዊ ሐሳባችሁን መርምሩ» የሚለውን ምክር «በጎ በጎውን አስቡ» ወይም «ያለፈውን እርሱት» እንደ ማለት ይወስዱታል፤ ሁለቱንም ማለት አይደለም። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሐሳብን በመመርመር ላይ የቆመውን የሥነ ልቦና ሕክምና መንገድ ሲጀምር ትኩረቱ ሳንጠራው ብልጭ በሚል፣ ሳንጠይቀውም እንደ እውነት በምንቀበለው ሐሳብ ላይ ነበር።

በልጅነቷ «አንቺ ለምንም አትሆኚም» እየተባለች ያደገች ሴት ዛሬ አለቃዋ ሰላምታዋን ሳይመልስ ቢያልፍ፣ ወዲያው «ንቆኝ ነው፤ ድሮም የማልረባ ነኝ» ትል ይሆናል። መመርመር ማለት ሐሳቡን ጽፎ፣ በዓይኗ ያየችው የቱ እንደ ሆነ፣ እርሷ የጨመረችበት ደግሞ የቱ እንደ ሆነ መለየት ነው። ምናልባት አልሰማትም፤ ምናልባትም በእርግጥ ተቆጥቷል፣ ቁጣው ግን የማትረባ ለመሆኗ ማስረጃ አይሆንም። እዚህ ላይ የሚመረመረው በልጅነቷ የደረሰባት በደል ያስተማራት ፍርድ እንጂ በደሉ ራሱ አይደለም፤ ይህን የሚያምታቱ ዘመዶች፣ ከቅንነትም ቢሆን፣ ቁስል ይነካሉ።

ሐሳብ ስለ መጣ ብቻ እውነት አለመሆኑ እርግጥ ነው፤ ለውጡ የሚወስደው ጊዜ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ትዝታው በቅዠት የሚመለስበት ወይም ራሱን የመጉዳት ሐሳብ የሚመጣበት ሰው ብቻውን ከወረቀት ጋር ከመታገል ይልቅ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሳይዘገይ መሄድ አለበት።