የጠና ሕመም የያዛቸው ሕፃናት ሕክምና በጅማ

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የማስተማሪያና ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ማዕከሉ 15 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ እንደሚያገለግል ይገልጻል። ሕፃናቱ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከዴዶ፣ ከቀርሳና ከአጋሮ ብቻ አይደለም የሚመጡት። ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከሸካና ከኢሉ አባቦርም ይመጣሉ። በሕፃናት ክፍሉ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ከፍኛና ዳውርኛ ይሰማል። ስለዚህ ለእናትየው «ይህን መድኃኒት እንዲህ ስጪው» ብሎ ማስረዳት ራሱ አንድ ሥራ ነው።

ሆስፒታሉን የከፈቱት ጣሊያኖች ናቸው፤ የከፈቱትም ለገዛ ወታደሮቻቸው ነበር። ዓመቱ 1930 እንደሆነ ይጻፋል። አንዳንዶች ቁጥሩን በፈረንጅ ዘመን ይወስዱታል። ጣሊያን ጅማ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1936 ማብቂያ ስለሆነ 1930 ዓ.ም. መሆን አለበት። ጠላት ከወጣ በኋላ ሆስፒታሉ በአርበኛው በራስ ደስታ ዳምጠው ስም ተጠራ። በደርግ ዘመን ጅማ ሆስፒታል ተባለ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1983 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲከፈት ነው። ኢንስቲትዩቱ ተማሪዎቹን ገና ከጅምሩ ወደ ኅብረተሰቡ ልኮ ማስተማርን መርሑ አደረገ። በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ይህ መርሕ ለሕፃናት ሕክምና ትልቅ ዋጋ አለው። አንድ ተማሪ የታመመ ልጅ ከየት ቤት፣ በምን መንገድ፣ ምን በልቶ እንደሚመጣ በዓይኑ አይቶ ነው ሐኪም የሚሆነው።

በአገር ደረጃ ነገሩ ተሻሽሏል። በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ክትባት ብዙ ሠርተዋል። ሆኖም ሆስፒታል የሚደርሰው የጠናበት ልጅ ነው፤ ለእሱ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ ከሚሞቱ ሕፃናት ብዙዎቹ የሚሞቱት በገቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው።

በ2001 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በ7 አገሮች 21 ሆስፒታሎችን አይቶ ነበር። አብዛኞቹ ጋ የጠናበትን ከቀለለው የሚለይ ሥርዓት አልነበረም። ልጁ ራሱን ስቶ እንኳ እናት ካርድ ክፍል ትሰለፋለች። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ትሪያጅ ይህንን ለመቀየር የመጣ ነው። ነርሷ በር ላይ ቆማ ጥቂት ነገር ብቻ ታያለች። ልጁ ይተነፍሳል? ከንፈሩ ጠቁሯል? እጁ ቀዝቅዞ፣ ጥፍሩን ተጭና ስትለቀው ደሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ይወስዳል? ራሱን ስቷል፣ ያንቀጠቅጠዋል? አይኑ ገብቶ ቆዳው ተሸብሽቧል? ከነዚህ አደገኛ ምልክቶች አንዱ ካለ ካርዱ ይቆያል፣ ሕክምናው ይቀድማል። ማላዊ ብላንታየር ላይ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሉን በዚህ መልክ ሲያደራጅ ከ10 እስከ 18 በመቶ የነበረው የተኝተው ታካሚ ሕፃናት ሞት ከ6 እስከ 8 በመቶ ወርዷል። ለዚህ ውድ ማሽን አላስፈለገም። እንደ ጅማ ያለ ሕዝብ የሚጎርፍበት ሆስፒታል ከሁሉ በፊት ሊጠብቀው የሚገባው ይህንን በር ነው።

ቀጥሎ ኦክስጅን ነው። ሳንባ ምች የያዘው ልጅ ኦክስጅን እንዳነሰው በዓይን ብቻ ማወቅ ያስቸግራል። ጣት ላይ የሚሰካው ፑልስ ኦክሲሜትር ከ90 በመቶ በታች ካሳየ ኦክስጅን ይጀመራል። ጤና ሚኒስቴር ከ2016 ጀምሮ ኦክስጅንና ኦክሲሜትርን በየሆስፒታሉ ለማዳረስ ብሔራዊ ዕቅድ አውጥቷል። ኦክስጅን ብቻ ለማይበቃው ልጅ በብዙ ቦታ አየርን በአፍንጫ በግፊት በሚሰጠው ባብል ሲፓፕ ይጠቀማሉ። የመተንፈሻው ቱቦ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፤ የውኃው ጥልቀት የአየሩን ግፊት ይወስናል። ዳካ ላይ በ225 ሕፃናት የተደረገና በ2015 የታተመ ጥናት፣ በዚህ ዘዴ ከታከሙት 4 በመቶው፣ ተራ ኦክስጅን ካገኙት 15 በመቶው እንደሞቱ አሳይቷል። ኢትዮጵያ ውስጥም በጠቅላላ ሆስፒታሎች ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ተገኝቷል። ዘዴው ግን በቅርብ የሚከታተል ነርስ ይፈልጋል። ነርስ በሌለበት ጠርሙሱ ብቻውን ልጅ አያድንም።

ፈሳሽ መስጠት ላይ የነበረው እምነትም ተናግቷል። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ትኩሳት ይዟቸው ደም ዝውውራቸው በተዳከመ 3,141 ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2011 የታተመ ጥናት ነበር። ጨዋማ ፈሳሽ ወይም አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር በፍጥነት ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት 10.5 በመቶ ያህል ነበሩ። በፍጥነት ካልተሰጣቸው ግን 7.3 በመቶ ነበሩ። ተቅማጥ ያደረቃቸውን ልጆች ጥናቱ አይመለከትም፤ እነሱ ፈሳሽ ያስፈልጋቸዋል።

ጅማ ብዙ የተጻፈላትና ራሷም ብዙ ያበረከተችበት ዘርፍ የምግብ እጥረት ሕክምና ነው። ቡና፣ በቆሎና ጤፍ በሞላበት አገር ይህ ችግር መኖሩ የሚገርመው ሰው አለ። ቤት ውስጥ እህል መኖሩ ግን ለልጅ የሚሆን የተመጣጠነ ምግብ አለ ማለት አይደለም። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ፣ ወይም ሁለት እግሩ ያበጠ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ ሕመም የተደረበበት ወይም መብላት ያቃተው ልጅ ተኝቶ ይታከማል።

እናቶች «ወተቱ» የሚሉት በምግብ እጥረት ለተጎዱ ልጆች የሚዘጋጀው ኤፍ 75 ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ አለው። 6 ኪሎ የሚመዝን፣ ብዙ እብጠት የሌለበት ልጅ በቀን በኪሎ 130 ሚሊ ሊትር ይታሰብለታል፤ ይህ 780 ይሆናል። ለ8 ጊዜ ሲከፋፈል በየ3 ሰዓቱ 100 ሚሊ ሊትር የማይሞላ ነው። እናት ይህ ያንሳል ብላ ትጨነቃለች፤ ዳቦ ልትጨምርለት ይቃጣታል። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተዳከመ ልብ ብዙ ምግብ አይችልም፤ ሰውነቱ ሳይረጋጋ ብዙ የበላ ልጅ በድንገት ሊሞት ይችላል። ይህንን ለእናትየው በሚገባት ቋንቋ የነገራት ሰው ከሐኪም እኩል ሠርቷል። የሌሊቱ ወተትም መዘለል የለበትም፤ ሌሊት ሆዱ ባዶ ያደረ ልጅ ስኳሩ ይወርዳል፣ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። እብጠቱ መቀነስ ሲጀምርና ፍላጎቱ ሲመለስ ቀስ እያለ የበለጠ ኃይል ወዳለው ወተት ወደ ኤፍ 100 ወይም ከለውዝ ወደሚሠራው ፕላምፒ ነት ይሸጋገራል።

ጅማ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ሊዘለል አይገባም። በሆስፒታሉ በከባድ የምግብ እጥረት የተኙ 339 ሕፃናት በሁለት ተመደቡ። ሁለቱም ወገን የተለመደውን ሕክምና አገኘ። ለአንደኛው ወገን ጨዋታ ተጨመረ፤ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ ተማሩ፣ ወደ ቤት ከተመለሱም በኋላ ክትትል ተደረገላቸው። በ2019 የታተመው ውጤት ጨዋታው የልጆቹን የእንቅስቃሴ ችሎታ እንዳሻሻለ ያሳያል። ከጅማ ወጥቶ ለሌላው አገር የሚያስተምር ሥራ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ያለጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎችን በተመለከተም ጅማ ስሟ አለ። ከ2016 እስከ 2018 በአዲስ አበባ 3፣ በጎንደርና በጅማ አንድ አንድ ሆስፒታል የተሳተፉበት ጥናት 4,919 ጨቅላዎችን ተከታትሏል። ከነዚህ 1,109 ሞተዋል። የሞቱ ዋና ምክንያት ተብሎ የተለየው 45 በመቶው ላይ የሳንባ አለመብሰል፣ 30 በመቶው ላይ ኢንፌክሽን፣ 14 በመቶው ላይ በወሊድ ጊዜ መታፈን ነው። ይህ ጥናት ጅማ ውስጥ «ሙቀት ክፍል» በምንለው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ምን መቅደም እንዳለበት ይጠቁማል። የካንጋሮ እንክብካቤም ከዚሁ ጋር ይነሳል፤ ሕፃኑ ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ ይታቀፋል፣ በጨርቅ ይታሰራል። በ2021 በወጣ የ5 አገሮች ጥናት፣ ወዲያው እንደተወለዱ ይህን ያገኙት ትንንሽ ሕፃናት ሞት ከ15.7 ወደ 12 በመቶ ወርዷል። እናት ከኦፕሬሽን ካልተነሳች አያት ወይም አክስት ልትታቀፈው ትችላለች።

ወባም አለ። ዩኒቨርሲቲው ከ2005 ጀምሮ በግልገል ጊቤ አካባቢ የመስክ ምርምር ማዕከል አለው። በ2009 የታተመ ጥናት፣ ከግድቡ 3 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የሚኖሩ ሕፃናት በወባ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደሆነ አገኘ። ምክንያቱ ግድቡ ብቻ ነው ማለት ግን ይከብድ ይሆናል።

ሆስፒታሉ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ልጁ በምን ሁኔታ እንደደረሰ ውጤቱን ይወስነዋል። ጤና ጣቢያው ከመላኩ በፊት የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ መስጠት፣ ልጁን ማሞቅ፣ መጥባት ከቻለ ማስጠባት አለበት። ካልቻለ ግን መዋጥ የሚችል ከሆነ በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጦ ይሰጠዋል። የገንዘቡን ነገር በከፊል ያቃለለው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከጅማ ዞን ሊሙ ኮሳ አንዱ ነበር። መድኑ የሚከፍለው ግን የታካሚውን ነው። ከዳውሮ ወይም ከሸካ ልጇን ይዛ የመጣች እናት ሳምንታት ስትቆይ ምግቧን፣ ማደሪያዋንና የመመለሻ ትራንስፖርቷን የምትችለው ራሷ ናት። ቤት የተወቻቸው ሌሎች ልጆችም አሉ። ሕክምናው ሳያልቅ «አስወጡኝ» የምትል እናት ብዙ ጊዜ የምትለው በዚህ ምክንያት ነው።