ስላይድ ስካነር ውስጥ ብርሃን ቁጥር የሚሆነው የት ጋ ነው?

«ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ዲጂታል ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። አይደለም።

ስላይድ ፊልም ላይ ያለ ፎቶ ነውና ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚህ መብራቱ ከኋላ ይበራል፣ ፊልሙን አልፎ ከማዶ ያለው ሴንሰር ላይ ያርፋል። ፎቶው ላይ ነጭ ነጠላ ያለበት ቦታ ብዙ ብርሃን ይለቃል፤ ጥላው እምብዛም።

ብዙ ስካነሮች ውስጥ ያለው ሴንሰር ሲሲዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ የፈጠሩት ነው። ላዩ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ነጥቦች ዝናብ ላይ እንደተደረደሩ ጣሳዎች አስቧቸው። ብርሃን ሲሊከኑን ሲመታ ኤሌክትሮን ይለቀቅና ጣሳው ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ የየጣሳው ይዘት ወደ ጎረቤቱ እየተገለበጠ ጫፍ ይደርሳል። እዚያ ቮልቴጅ ይሆናል።

እስካሁን አንድም ቁጥር የለም! ሁሉም አናሎግ ነው፣ ማለትም ገና በቁጥር ያልተቆረጠ መጠን። ቮልቴጁን ለክቶ ቁጥር የሚሰጠው ቀጥሎ ያለው መቀየሪያ ነው፤ እንደ ማስመሪያ አስቡት። የዚህን ማስመሪያ ጭረቶች ብዛት የሚወስነው ቢት የሚባለው ነው፦ በ8 ቢት 256 ደረጃ፣ በ16 ቢት 65,536። የስላይድ ጥላ ድቅድቅ ስለሆነ ጭረቱ ሲሳሳ ጥቁር ኮትና ጥቁር ፀጉር ይቀላቀላሉ። ግን ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቢት ስለተጻፈ ብቻ አትሸወዱ። ሴንሰሩ ራሱ ደካማ ከሆነ ትርፉ ጭረት የሚለካው ጫጫታ ነው፣ ማለትም ከፎቶው ያልመጣ የዘፈቀደ መዋዠቅ።

ቀለሙስ? ሲሲዲ ቀለም አያውቅም። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ለየብቻ ይለካሉ፣ ሦስቱ ቁጥሮች ተጣምረው አንድ ነጥብ ይሆናሉ።