ፎረፎር ምንድን ነው?

ራሱን የሚያሳክከው ሰው የሚሰማው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ደርቆብሽ ነው፣ ቅቤ ተቀቢ» ይላል። ሌላው «አቧራው ነው፣ ታጠቢ» ይላል። እዚህ ኮዬ ፈጬ አቧራውን ጥፋተኛ ማድረግ ቀላል ነው፤ መንገዱን ያየ ያውቃል። መታጠቡ ግን በውሃው ፈረቃ ይወሰናል። ያለው ጀሪካን ለወጥና ለልብስ እየተቆጠበ ፀጉሩን ሊታጠብ የሚነሳ ብዙ ሰው የለም። ስለዚህ ያካል፣ ይቀባል፣ እንደገና ያካል።

አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ ፎረፎር ነው። ፎረፎር ደግሞ ድርቀትም ቆሻሻም አይደለም። ማላሴዚያ የሚባል ከእርሾ ወገን የሆነ ፈንገስ በሁላችንም ቆዳ ላይ ይኖራል። ምግቡ ከፀጉር ሥር የሚወጣው ወዝ ነው። ወዙን ሲሰባብር ኦሌይክ አሲድ ይተርፋል። የአንዳንዱ ሰው ቆዳ ይህን ችሎ ያልፋል፣ የሌላው ይቆጣል። የተቆጣ ቆዳ ይበላል፤ ከልክ በላይ ቶሎ ቶሎም ይታደሳል። ጥቁር ሹራብ ላይ የሚረግፈው ነጭ ነገር ያ አሮጌ ቆዳ ነው። ቋቁቻን የሚያመጣውም ይኸው የፈንገስ ወገን ነው። ቆዳው ተቆጥቶ፣ ቅርፊቱ ቢጫና ቅባታም ሆኖ ወደ ቅንድብና ወደ አፍንጫ ጎን ሲወርድ ሐኪሞች ሴቦሪክ ደርማታይተስ ይሉታል። ጠንከር ያለ ፎረፎር ነው በሉት።

አሁን ወደ ቅቤው እንምጣ። ለፀጉሩ ለራሱ ቅቤ ጥሩ ነው፣ ከእናቶቻችን ጋር አልጣላም። ፎረፎር ያለበት የራስ ቆዳ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ይህ ፈንገስ የሚያስፈልገውን ስብ ራሱ መሥራት አይችልም፣ ከውጭ ማግኘት አለበት። ላቦራቶሪ ውስጥ ሊያራቡት የሚፈልጉ ሰዎች የወይራ ዘይት ያፈሱለታል! ቅቤ ተቀብቶ፣ ሻሽ አስሮ ማደር እንግዲህ ለማን ድግስ እንደሆነ ገምቱ። ቅርፊቱ ስለሚርስ ለአንድ ሁለት ቀን ፋታ ይገኛል። የሚያታልለንም ይኼ ፋታ ነው።

የሚሠራው ፈንገሱን የሚቀንስ ሻምፖ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ብላችሁ ጠይቁ። ሴሊኒየም ሰልፋይድ ያለበትም ይሆናል። ሻምፖው የሚታሸው ፀጉሩን ሳይሆን ቆዳውን ነው። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሳይታጠብ ይቆያል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና «አልሠራልኝም» ይላል። በሳምንት 2 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ከርዳዳ ፀጉር ቶሎ ስለሚደርቅ ለብዙዎቻችን በሳምንት 1 ጊዜ ይበቃል። ውሃ የሚመጣበትን ቀን ለዚህ ያዙት። ሹሩባ ከሆነ በመስመሮቹ መካከል በጣት ማሸት ይቻላል። ከተሻለም በኋላ በሳምንት ወይም በ2 ሳምንት አንዴ መድገም ያስፈልጋል። ፈንገሱ ነዋሪ ነው፣ አይሰደድም።

ሁሉም የራስ ማሳከክ ግን ፎረፎር አይደለም። የወዝ ዕጢዎች በደንብ የሚሠሩት ከጉርምስና በኋላ ስለሆነ የ7 ዓመት ልጅ ራሱ ላይ ቅርፊት ካወጣና ፀጉሩ በቦታ በቦታው ከተነቀለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቆረቆር ነው። እሱን የሚያመጣው ሌላ ፈንገስ ነው፤ ይጋባልም። ሻምፖ ብቻውን አያድነውም፣ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ከጆሮ ጀርባና ማጅራት ላይ የሚብስ ከሆነ ቅማል ፈልጉ። ጥቁር ቀለም ከተቀቡ በኋላ የጀመረ ከሆነ ደግሞ በቀለሙ ውስጥ ያለው ፒፒዲ የሚባለው ኬሚካል አለርጂ አምጥቶ ሊሆን ይችላል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ቤታሜታዞን የሚባል የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ተገዝቶ ጎረቤት ለጎረቤት ሲዟዟር። ማሳከኩን ቶሎ ያበርዳል፣ እውነት ነው። ቆረቆር ላይ ከተቀባ ግን መልኩን ቀይሮ ይደብቀዋል፣ ፈንገሱም ይስፋፋል።

ሻምፖው በወር ውስጥ ለውጥ ካላመጣ፣ ፀጉር ከተነቃቀለ ወይም ቆዳው ከቆሰለ ሐኪም ማየት አለበት። ድንገት የመጣ ኃይለኛ ፎረፎር የኤችአይቪ ምርመራም ያስፈልገዋል። ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ የሚበላ ከሆነ ደግሞ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጉበትና ታይሮይድ ይታያሉ። አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ከእኛ ሰፈር መንገዱ ረጅም ስለሆነ በጠዋት ተነሱ። ሹሩባውን ፈትታችሁ፣ ቅቤ ሳትቀቡ ሂዱ። ከቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር ሊኖር ይችላል።